ባለቀይ ቆቧ ልጅና የተወሰደባት ብልሃት

ባለቀይ ቆቧን ልጅ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። እናቷ ስንቅ አስይዛ ወደ አያቷ ትልካታለች፤ ጫካ ውስጥ ተኩላ ያገኛታል፤ ተኩላው ቀድሟት ደርሶ አሮጊቷን ይውጥና አልጋዋ ላይ ተኝቶ ይጠብቃታል። ልጅቷ ስለ ጆሮው፣ ስለ ዓይኑና ስለ ጥርሱ ትልቅነት ስትጠይቅ ቆይታ እሷም ትዋጣለች። በስተመጨረሻ አንድ አዳኝ ደርሶ የተኩላውን ሆድ ይቀድና ሁለቱንም በሕይወት ያወጣቸዋል። ብዙ ሰው ተረቱ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ሲነገር የኖረ ይመስለዋል። ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል። አዳኙ ወደ ተረቱ የገባው በ1800 ነው፤ ቀዩ ቆብም ቢሆን በጽሑፍ የታየው በ1690ዎቹ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፈረንሳይ ገጠር ሲነገር የኖረ ሌላ ተረት አለ፤ በእሱ ውስጥ ልጅቷን ከሞት የሚያስጥላት የራሷ ጭንቅላት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማስረዳው ይህን ነው፦ ተረቱ ከምድጃ ዳር ወደ ማተሚያ ቤት ሲሻገር ቅርጹ ብቻ አልተለወጠም፤ የልጅቷ ብልሃት ከእጇ ተወስዶ የማዳኑ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

በጽሑፍ ያለው ታሪክ የሚጀምረው ዛሬ ቤልጅየም ውስጥ ባለችው በሊዬዥ ከተማ ነው። በ1020ዎቹ መጀመሪያ የካቴድራሉ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ኤግበርት ለተማሪዎቹ የላቲን መማሪያ የሚሆን የምሳሌና የግጥም መጽሐፍ አዘጋጀ። ከግጥሞቹ አንዱ ስለ አንዲት የ5 ዓመት ሕፃን ይናገራል። ክርስትና ስትነሣ የክርስትና አባቷ ቀይ የሱፍ ቀሚስ ሰጥቷታል። አንድ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ፣ የሚያስፈራ ነገር እንዳለ ልብ ሳትል ከቤት ወጥታ ስትሄድ ተኩላ ነጥቆ ጫካ ይወስዳትና ለግልገሎቹ ይሰጣታል። ግልገሎቹ ግን ሊቦጫጭቋት አልሆነላቸውም፤ ራሷን ይልሱ ጀመር። ሕፃኗም የክርስትና አባቷ የሰጣትን ቀሚስ እንዳይቀዱባት ትቆጣቸዋለች። ኤግበርት ይህን ነገር የገጠር ሰዎችም እንደሚያወሩት ይጠቅሳል፤ ስለዚህ ከራሱ አላመነጨውም። በግጥሙ ውስጥ አያት የለችም፤ አልጋም ሆነ ያ የታወቀ ጥያቄና መልስ የለም፤ ስለሆነም አንድ ተረት ናቸው ብሎ መደምደም መቸኮል ይሆናል። ሆኖም ሕፃን ልጅ፣ ቀይ ልብስና ተኩላ በአንድ ታሪክ ተገናኝተዋል፤ ልጅቷም በሕይወት ወጥታለች። መምህሩ ያዳናትን ለይቶ ሲናገር ጥምቀቷንና የእግዚአብሔርን ኃይል ያነሣል። ከዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ የገጠሩን ወሬ ተቀብሎ አዳኙ ማን እንደሆነ የሚወስነው የተማረ ሰው ብዕር ነው፤ ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ተረቱ በጽሑፍ አይታይም። ይህ ማለት ግን ተኩላው ከሰው አእምሮ ጠፋ ማለት አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፈረንሳይና በአካባቢዋ ወደ ተኩላነት ተለውጠው ሕፃናት በልተዋል የተባሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ይቀርቡ ነበር። ዢል ጋርኒዬ የተባለ ሰው በዚሁ ክስ በዶል ከተማ በእሳት ተቃጥሏል፤ በ1603 ደግሞ ዣን ግሬኒዬ የተባለ እረኛ ልጅ በቦርዶ ተፈርዶበት ገዳም ውስጥ ተዘግቶበታል። ለዚያ ዘመን ገበሬ በጫካ መንገድ የሚያገኘው ተኩላ ምሳሌ ሳይሆን እውነተኛ አውሬ ነበር፤ አንዳንዴም ከአውሬ የባሰ ሰው።

ተረቱን ዓለም ወደሚያውቀው መንገድ ያስገባው ሻርል ፔሮ ነው። በ1628 ፓሪስ ተወልዶ፣ ሕግ ተምሮ፣ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት የታላቁ ሚኒስትር የኮልቤር ረዳት ሆኖ ረጅም ዘመን አገለገለ፤ በ1671 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1687 በአካዳሚው በተነበበው ግጥሙ የዘመኑ ሰዎች ሥራ ከግሪክና ከሮማ ሰዎች ሥራ አያንስም ብሎ ትልቅ ክርክር አስነሣ። ሞግዚቶች ለሕፃናት የሚነግሩትን ተረት ሲጽፍም የአገሩ ተረት ከጥንቶቹ ተረት እንደማያንስ ማሳየቱ ነበር። ከመታተሙ 2 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1695 የተዘጋጀ የተረቶቹ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ ኒው ዮርክ ውስጥ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያ ቅጂ ላይ፣ ተኩላው ልበላሽ ነው ከሚልበት ቃል አጠገብ፣ በኅዳጉ አንዲት ማስታወሻ ተጽፋለች፤ አንባቢው ይህን ቃል ተኩላው አሁን የሚበላው እስኪመስለው ድረስ ሕፃኑን ለማስፈራት በኃይለኛ ድምፅ እንዲለው ታዝዛለች። ይህች ማስታወሻ እንደ ትልቅ ማስረጃ የምቆጥራት ናት፤ ፔሮ የያዘው ተረት በድምፅና በፊት ገጽታ የሚነገር፣ ሰሚውም አብሮ የሚጫወትበት ነገር እንደነበር በራሱ ወረቀት ላይ ትመሰክራለችና።

በ1697 በፓሪስ 8 ተረቶች የያዘው መጽሐፍ ሲታተም ባለቀይ ቆቧ ልጅ በውስጡ ነበረች። እናትና አያት የሚሳሱላት፣ ከመንደሩ ሁሉ የምታምር ልጅ ናት፤ ቆቡን ያሰፋችላት አያቷ ናት። ቂጣና ትንሽ ማሰሮ ቅቤ ይዛ ትሄዳለች። ተኩላው እዚያው ጫካ ውስጥ ያልበላት እንጨት ቆራጮች በአካባቢው ስለነበሩ ብቻ ነው። ከዚያ የሚሆነው ይታወቃል፤ ልብሷን አውልቃ አልጋው ላይ ትወጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ትበላለች። ተረቱ እዚያ ላይ ያልቃል። የሚደርስላት ሰው የለም፤ የምታመልጥበት ብልሃትም የለም። ቀጥሎ በግጥም የተጻፈ ምክር ይመጣል፤ ቆንጆ ወጣት ሴቶች ማንንም እንዳይሰሙ፣ በተለይም አንደበታቸው ጣፋጭ ሆኖ እስከ ቤት ድረስ ከሚከተሏቸው ለስላሳ ተኩላዎች እንዲጠነቀቁ። ፔሮን የሚከላከሉ ሰዎች እንግዲህ የጻፈው ወጣቶችን ለመጠበቅ ነው ይላሉ። ቤተ መንግሥቱን ለሚያውቅ ሰው አደጋው እውነተኛ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ጽሑፉን ቀረብ ብሎ ያየ አንድ ነገር ያገኛል፦ እናቲቱ ልጇን ስትልክ አንድም የማስጠንቀቂያ ቃል አልተናገረችም። ጸሐፊው ራሱ ምስኪኗ ልጅ ቆሞ ተኩላ ማዳመጥ አደገኛ መሆኑን አታውቅም ነበር ይላል። ያልነገሯትን ባለማወቋ ሞተች፤ ምክሩም ጥፋቱን በእሷ መስማት ላይ ጣለው። ዓላማው ልጅን መጠበቅ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚወቀሱት ብቻዋን የላኳት ነበሩ።

መጽሐፉ ቶሎ ተዛመተ። በ1729 ሮበርት ሳምበር ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በፈረንሳይም በርካሽ እየታተሙ በየገበያው በሚዞሩ ትናንሽ መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ከቤተ መንግሥት ሰው አልፎ ወደ ገበሬው ተመለሰ። በጀርመን ሉድቪግ ቲክ በ1800 ተረቱን በግጥም ድራማ ሲጽፈው አንድ አዲስ ሰው ጨመረበት፤ ተኩላውን በጥይት የሚገድል አዳኝ። በቲክ ድራማ አዳኙ የደረሰው ልጅቷ ከሞተች በኋላ ስለሆነ የሚያደርገው መበቀል ብቻ ነው።

ያኮብና ቪልሄልም ግሪም የልጆችና የቤት ተረቶች የሚለውን የመጀመሪያ ቅጻቸውን በ1812 ሲያወጡ የአገራቸውን ሕዝብ ድምፅ ከመጥፋት የማዳን ምኞት ነበራቸው። የሚኖሩባት የካሰል ከተማ በዚያን ጊዜ የናፖሌዎን ወንድም ዤሮም በሚነግሥበት የዌስትፋሊያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ያኮብ ራሱ የንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። በፈረንሳዮች እየተገዙ የጀርመንን ተረት መሰብሰብ የቁጭት ሥራም ነበር። ባለቀይ ቆቧን ልጅ የነገሯቸው ግን የሐሰንፕፍሉግ እህትማማች፣ ዣኔትና ማሪ ናቸው፤ እነሱም በእናታቸው በኩል በሃይማኖታቸው ከፈረንሳይ ከተሰደዱት ፕሮቴስታንቶች የሚወለዱ፣ በቤታቸው ፈረንሳይኛ የሚነገር ወጣቶች ነበሩ። ስለዚህ የጀርመን ጫካ ተረት ተብሎ የታተመው አብዛኛው የፔሮ ተረት ነው፤ ስደተኞች ይዘውት መጥተው፣ በሌላ አፈር በቅሎ። ይህን የምለው የወንድማማቾቹን ድካም ለማቃለል አይደለም። ተረት ድንበር የማይዘው ነገር መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ግሪሞች ሁለት ትልልቅ ለውጦች አስገቡ። አንደኛው የእናት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ኬክና ወይን አስይዛት ከመንገድ እንዳትወጪ፣ ወድቀሽ ጠርሙሱን ትሰብሪዋለሽ ትላታለች። ልጅቷ ግን ተኩላው ባሳያት አበባ ተስባ ከመንገድ ትወጣለች። ፔሮ ያልነገሯትን ባለማወቋ የገደላት ልጅ እዚህ ላይ የነገሯትን ባለመስማቷ ጥፋተኛ ሆነች። ሁለተኛው ለውጥ ከቲክ ድራማ የተገኘ የሚመስለው አዳኝ ነው፤ አሁን ግን በጊዜ ይደርሳል፣ ተኩላውን ከመተኮስ ይታገስና ሆዱን በመቀስ ይቀዳል፤ ልጅቷና አያቷ በሕይወት ይወጣሉ፣ ሆዱም በድንጋይ ተሞልቶ ተኩላው ይሞታል። ልጅቷም እናቷ ከከለከለቻት መንገድ ዳግመኛ ላትወጣ ለራሷ ቃል ትገባለች። ያጠፋችው ሴት ልጅ፣ ያዳናት መሣሪያ የያዘ ወንድ፣ ትምህርቱም መታዘዝ ሆነ። የሚገርመው፣ ግሪሞች በዚያው ተረት መጨረሻ ሌላ አጨራረስ አክለዋል፤ ከማሪ የሰሙት ነው። በእሱ ልጅቷ ሌላ ተኩላ ስታገኝ ሳትቆም ቀጥ ብላ ሄዳ ለአያቷ ትነግራለች፤ በሩን ይቆልፋሉ፤ ተኩላው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲጠብቅ አሮጊቷ ቋሊማ የተቀቀለበትን ውኃ ልጅቷ እያመላለሰች በቤቱ ፊት ባለው የድንጋይ ገንዳ እንድትሞላው ታዛታለች፤ ተኩላው የውኃው ሽታ ስቦት አንገቱን ሲያንጠራራ ይንሸራተትና ገንዳው ውስጥ ገብቶ ይሰጥማል። አዳኝ አላስፈለገም። ለሕፃናት የሚታተሙ መጻሕፍት ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን ክፍል ጣሉት፤ ለምን እንደጣሉት ሳስበው ከአዳኙ አጨራረስ ጋር ስለማይስማማ ይመስለኛል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል የብዕሩን ውሳኔ አጸናው። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ጉስታቭ ዶሬ ለፔሮ ተረቶች የሠራቸው ሥዕሎች ከሁሉ በላይ ታዋቂ ናቸው። በአንደኛው ልጅቷና የአሮጊት ቆብ ያጠለቀው ተኩላ በአንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንሶላውን ወደ ራሷ ስባ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላለች፤ ገብቷታል፣ ግን አትንቀሳቀስም። ከዚህ ሥዕል ጋር ያደገ አንባቢ ልጅቷ ከዚያ አልጋ በራሷ ትነሣለች ብሎ ሊያስብ አይችልም።

ከዚያ በ1885 ገደማ አሺል ሚሊዬን የተባለ የኒቬርኔ ገጣሚና የቃል ተረት ሰብሳቢ ከአገሩ ገበሬዎች አንድ ተረት ሰምቶ ጻፈ። አንዲት ሴት ዳቦ ጋግራ ልጇን ትኩስ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ወተት አስይዛ ወደ አያቷ ትልካለች። ልጅቷ ቆብ የላትም። በመንታ መንገድ ላይ የሚያገኛት ሰውም ተኩላም የሆነ ፍጡር ነው፤ በአገራችን ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ እንደሚወራለት ያለ። በመርፌዎቹ መንገድ ነው ወይስ በስፒሎቹ መንገድ የምትሄጂው ብሎ ይጠይቃታል። ቀድሞ ደርሶ አያቲቱን ይገድልና ሥጋዋን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ደሟን በጠርሙስ ያስቀምጣል፤ ልጅቷም ሳታውቅ ትበላለች፣ ትጠጣለች። ከዚያ ልብስሽን አውልቂ ይላታል፤ ሽርጡን፣ ቀሚሱን፣ ሹራቡን፣ እያንዳንዱን የት ላስቀምጠው እያለች ትጠይቃለች፤ እሱም ከእንግዲህ አያስፈልግሽምና እሳት ውስጥ ጣይው ይላታል። አልጋው ላይ ጥያቄውና መልሱ ይቀጥላል፤ ግን ከመብላቱ በፊት ልጅቷ ወደ ውጭ መውጣት አለብኝ፣ ጨንቆኛል ትላለች። አልጋው ላይ አድርጊው ሲላት እንቢ ትላለች። በሱፍ ክር እግሯን አስሮ ይለቃታል፤ እሷም ግቢው ውስጥ ክሩን ከፕሪም ዛፍ ጋር ታስረውና ትሮጣለች። ቢጠራት መልስ ያጣው ተኩላ ተነሥቶ ሲከታተላት እሷ ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ይደርሳል። በሌላ የፈረንሳይ አካባቢ በተመዘገበ ቅጂ ደግሞ ወንዝ ዳር ያሉ ልብስ አጣቢ ሴቶች አንሶላ ዘርግተው ያሻግሯታል፤ ተኩላው ተከትሎ ሲረግጠው አንሶላውን ይለቁትና ይሰጥማል።

ሚሊዬን የጻፈውን ቅጂ የቃል ተረት ተመራማሪው ጳውል ደላሩ በ1951 ለሕዝብ ሲያቀርበው የተረቱ ታሪክ ከሥሩ እንደገና መታየት ግድ ሆነበት። ኢቮን ቬርዲዬ በኋላ ባደረገችው ጥናት የመርፌውንና የስፒሉን መንገድ ከገጠር ሴቶች ሕይወት ጋር አያያዘችው፤ ልጃገረዶች ወደ 15 ዓመት ሲጠጉ አንድ ክረምት ልብስ ሰፊ ዘንድ ይላኩ ነበርና። ለእሷ ተረቱ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ የሴቶች ዕውቀት የሚናገር ነው። ትርጓሜዋን በሙሉ መቀበል ግዴታ አይደለም፤ ግን ብልሃት የልጅቷ ርስት እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ሚሊዬን የሰማው ከፔሮ መጽሐፍ 190 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ገበሬዎቹ ተረቱን ከገበያ መጽሐፍ ሰምተው ለውጠውት ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ደላሩ ግን ከ30 የሚበልጡ የቃል ቅጂዎችን አስተያይቶ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የፔሮ አሻራ እንደሌለባቸው አገኘ። ምንጫቸው መጽሐፉ ቢሆን ኖሮ በተለያየ አውራጃ ያሉ ተራኪዎች፣ ሳይመካከሩ፣ ሁሉም ከተረቱ እጅግ የሚታወሰውን ቀይ ቆብ ጥለው፣ ሁሉም ያንኑ መንታ መንገድ፣ ያንኑ የሥጋና የደም ማዕድ ጨምረዋል ማለት ይሆናል። ያ የማይመስል ነው። በተቃራኒው፣ አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ለልዕልት የሚያቀርበውን ተረት ሲያጠራ የሰው ሥጋ መብላቱንና ለሽንት መውጣቱን ቢያስቀር አያስገርምም፤ ማምለጫዋም አብሮ ቀረ። ከአውሮፓ ውጭም በቻይና፣ በኮሪያና በጃፓን አያት መስሎ ቤት የሚገባ ነብር ወይም ሌላ አውሬ የሚነገርበት ተረት አለ፤ በቻይናዎቹ ቅጂዎች ልጅቷ ወደ ውጭ ልውጣ ብላ የታሰረችበትን ገመድ ሌላ ነገር ላይ አስራ ታመልጣለች። በ2013 የደርሃም ዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂስት ጄሚ ቴህራኒ 58 ቅጂዎችን የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የፍጥረታትን ዘር በሚያጠኑበት ዘዴ መርምሮ፣ የምሥራቆቹ ተረቶች የባለቀይ ቆቧና የተኩላውና የፍየል ግልገሎቹ ተረት ቅይጥ መሆናቸውን፣ መንገዳቸውም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሳይሆን እንዳልቀረ ደምድሟል። ይህ የትኛው አጨራረስ ቀዳሚ እንደሆነ በራሱ አይፈርድም፤ ነገር ግን የገመዱ ብልሃት ከፈረንሳይ ገበሬዎች ጋር ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ሌላም እውነተኛ መቃወሚያ አለ፤ ልጅቷ ተበልታ የምትቀርባቸው የቃል ቅጂዎችም አሉ። ታሪክ ጸሐፊው ሮበርት ዳርንተን በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ የጠቀሰው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ያም ሆኖ ዳርንተን ራሱ ያነሣው ነጥብ ለእኔ ክርክር ያግዛል። የሥነ ልቦና ተንታኙ ኤሪክ ፍሮም በዚያው በ1951 ቀዩን ቆብ የወር አበባ ምልክት፣ ጠርሙሱን እንዳትሰብሪ የሚለውን ምክር የድንግልና ማስጠንቀቂያ አድርጎ ተርጉሞት ነበር፤ ዳርንተን ግን ቆቡም ሆነ ማስጠንቀቂያው በገበሬዎቹ ተረት ውስጥ አለመኖራቸውን አሳየ። የሕዝብ ነፍስ ተብሎ የተተነተነው የሁለት ደራሲ ቤቶች እርማት ነበር። ሞትን በተመለከተም ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በቃል ሲነገር ሁለቱም አጨራረስ አብረው ይኖራሉ፣ ተራኪዋ ያሻትን ትመርጣለች፤ ኅትመት ግን አንዱን መርጦ ሌላውን ለትውልዶች ዘጋው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ደራሲያን በሩን ሊከፍቱ ሞክረዋል። ጄምስ ተርበር በ1939፣ ሮልድ ዳል በ1982 ለልጅቷ ሽጉጥ ሰጧት፤ ተኩላውን ትገድላለች። ስቲቨን ሶንድሃይም በ1987 በብሮድዌይ የሙዚቃ ድራማው ከተኩላው ሆድ የወጣች፣ ብዙ የተማረች ልጅ አድርጎ አቀረባት። ሁሉንም ባከብራቸውም ሽጉጡ ከአዳኙ እጅ ወደ ልጅቷ እጅ የተዛወረ የአዳኙ ኃይል ነው፤ በገበሬዎቹ ተረት ያለው የሱፍ ክር ግን የራሷ ብልሃት ነበር። ለጥንቱ ተረት የቀረበችው አንጄላ ካርተር ናት። በ1977 ፔሮን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመች፤ በ1979 ባወጣችው የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል ደግሞ ተኩላውን የማትፈራና ልብሷን አንድ በአንድ እሳት ውስጥ የምትጥል ልጅ ጻፈች፤ ይህ የእሳቱ ትዕይንት በፔሮም በግሪምም የለም፣ ያለው በገበሬዎቹ ተረት ነው። ኒል ጆርዳን በ1984 ፊልም አደረገው። እንዲህ ያሉ ሥራዎች የቆየውን ተረት አበላሹት የሚሉ ሰዎች የትኛውን ተረት ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ አለባቸው። ተረቱን በመጠበቅ ስም የሚደረገው ክልከላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስቶ ይመታል፤ በ1990 ገደማ በካሊፎርኒያ ሁለት የትምህርት ወረዳዎች አንድ ሥዕላዊ ቅጂ ከልጆች እጅ ያነሡት ቅርጫቱ ውስጥ ወይን ስላለ ነበር። አንዲት ልጅ ማሰብ ስለተከለከለችበት አጨራረስ የጠየቀ አልነበረም።

ሚሊዬን የጻፈው ተረት ዛሬ ታትሞ ይገኛል። ይህን ተረት በአማርኛ ለልጆች የምታዘጋጁ ተርጓሚዎችና አሳታሚዎች፣ እንዲሁም ማታ ማታ ለልጆቻችሁ የምታወሩ ወላጆች፣ አዳኙን ማባረር የለባችሁም። ነገር ግን የሱፍ ክሩንና የፕሪም ዛፉን፣ አንሶላ የዘረጉትንም ሴቶች አብራችሁ ንገሯቸው፤ የትኛው አጨራረስ እንደሚሻል ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ።